የገና ድግስ በአቅም፦ ከወሎ ቤቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ገና ሲቃረብ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያና ከላሊበላ ዙሪያ የሚነሡት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ስንት ዶሮ ይበቃል? ሽንኩርቱ ለምን አልቀልጥ አለ? ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን በምን እናስተናግድ? ከታች ያሉት መልሶች ለ15 ሰው፣ ማለትም ለአሥር ዐዋቂና ለአምስት ልጅ የተሰሉ ናቸው። እንግዳው ሲበዛ ወይም ሲያንስ መጠኑን በዚያው ልክ ያስተካክሉ።

ዝግጅቱን ከመቼ ልጀምር?

መጀመሪያ ቀኑን ያረጋግጡ። ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ነው። 2016 ዓ.ም. እንዲያ ነበር፣ 2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል። አንድ ቀን መሳት ሊጡ የሚቦካበትንም ዶሮው የሚታረድበትንም ያዛባል።

ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ጠላ ለመጥመቅ ያሰበ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይጠንስስ። በርበሬ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ዘይትና ሌላው የማይበላሸው ነገር ከአሥር ቀን በፊት ይግባ። ሽንኩርት ከአምስትና ከስድስት ቀን በፊት ይገዛ፤ በዋዜማው ዋጋው ይንራል፣ ገበያ ላይ የሚተርፈውም ርጥቡና የበቀለው ነው። ቁሌቱ ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይሠራ። እንጀራ ከዋዜማው በፊት ባለው ቀን ይጋገር፤ በዋዜማው ሁሉም ቤት ምጣድ ስለሚሰካ መብራቱ ይደክማል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል፤ ቦክቶ የተዘጋጀ ሊጥ ይዞ መብራት መጠበቅ ደግሞ ሊጡን ያኮመጥጠዋል። ለዋዜማው የሚቀረው ዶሮው፣ ዳቦውና ቤቱን ማሰናዳት ብቻ ይሁን።

ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልስ?

ይበላል። የሚጾመው ዋዜማው፣ ጋዱ ነው። ለምሳሌ የ2020 ዓ.ም. ገና ዓርብ ይውላል፤ በዚያን ዕለት ሥጋም ቅቤም ይቀርባል።

በበዓሉ ወጪ ውስጥ ገንዘቡን የሚጨርሰው ምኑ ነው?

ብዙ ሰው ሥጋው ይመስለዋል። ሥጋው ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ኪስ የሚያራቁተው የወጡ ዓይነት መብዛቱ ነው። ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ጥብስ፣ ክትፎ፣ ዱለት ሁሉ ባንድ ገበታ ሲታሰብ ለእያንዳንዱ ለብቻው ሽንኩርት፣ ለብቻው ዘይት፣ ለብቻው ከሰል ይወጣል፤ የቤቱ እመቤትም ቀኑን ሙሉ ከእሳት ሳትለይ እንግዳው ይመጣና ይሄዳል። ከሁሉም ላይ ትንሽ ትንሽ ይተርፋል፤ የተረፈው ትንሽ ደግሞ ይጣላል።

የእኛ ምክር አንድ ነው። አንድ ትልቅ ቁሌት በዘይት ይሥሩና ለሦስት ይክፈሉት፤ አንዱ ለዶሮ ወጥ፣ አንዱ ለቀይ የሥጋ ወጥ፣ አንዱ ለምስር ወጥ። ከጎኑ አይብ፣ ጎመንና ድፎ ዳቦ ካለ ገበታው ሙሉ ነው። በዘይት መሠራቱ ሁለት ጥቅም አለው። ጾሙ ሳይፈታ ቀድሞ መሥራትና መቅመስ ይቻላል፤ የምስሩም ድርሻ ቅቤና ሥጋ ሳይነካው ለሁሉም እንግዳ ይሆናል። ቅቤው በበዓሉ ሌሊት ለዶሮውና ለሥጋው ብቻ ይገባል።

ለ15 ሰው ምን ምን ልግዛ?

ሁለት የሐበሻ ዶሮ፣ 20 እንቁላል፣ 2 ኪሎ የበግ ወይም የበሬ ሥጋ ከነአጥንቱ፣ 1 ኪሎ ምስር ክክ፣ 6 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ 600 ግራም በርበሬ፣ 1 ሊትር ዘይት፣ 300 ግራም ነጭ ሽንኩርት፣ 100 ግራም ዝንጅብል፣ ግማሽ ኪሎ ንጥር ቅቤ፣ 1 ኪሎ አይብ፣ 2 ኪሎ ጎመን፣ 2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ ቡና፣ 35 ገደማ እንጀራ። ኮረሪማ፣ መከለሻና ጥቁር አዝሙድ ከቤት ይኖራል።

ለማስታወስ የሚቀለው ልክ ይህ ነው፦ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት 100 ግራም በርበሬ፣ ይህም የቡና ሲኒ ሦስት ገደማ ይሞላል። በርበሬው በጣም የሚያቃጥል ከሆነ ወደ ሁለት ሲኒ ይቀንሱ። ይህን ልክ የያዘ ለ50 ሰውም ያለ ጭንቀት ያሰላል።

አንድ ዶሮ ብቻ ብገዛ ያሳፍራል?

በፍጹም። አንድ ዶሮ 12 ብልት ነው፤ አሥሩ ዐዋቂ አንዳንድ ብልት ደርሶት ሁለት ይተርፋል፣ ለልጆቹ እንቁላል ይቀርባል። ጣዕሙን የሚሸከመው ቁሌቱ ስለሆነ እሱ ላይ አይሠሥቱ። እንቁላሉን ወደ 24 ከፍ ያድርጉና አይቡን በርከት አድርገው ያቅርቡ።

ቁሌቱን እንዴት ልሥራ? ሽንኩርቱ አልቀልጥ እያለ ያስቸግረኛል።

የገና ወጥ ሁሉ መሠረት ይህ ስለሆነ ሰዓት ይስጡት። ለ6 ኪሎ ሽንኩርት ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል።

ሽንኩርቱን በደቃቁ ይክተፉ። በማሽን የሚፈጩ ከሆነ ውኃ እስኪሆን ድረስ አይፍጩት፤ ከመጠን በላይ የተፈጨ ሽንኩርት ጭማቂው ይበዛና ሳይጠበስ ይቀቀላል፤ ወጡም ጥሬ ጥሬ ይሸታል። 12 ሊትር በሚይዝ፣ ታቹ ወፍራም በሆነ ድስት ያለ ዘይትና ያለ ውኃ ይጣዱት። መጀመሪያ ውኃውን ያወጣል፤ መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰሉ ያንን ውኃ ያድርቁ። ይህ ብቻውን ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ማማሰያውን ከድስቱ ታች ላይ ሲጎትቱት የኋላው መንገድ ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ ከቆየና ሽንኩርቱ ቡናማ መልክ ከያዘ ደርሷል።

ሽንኩርቱ የማይቀልጠው ብዙ ጊዜ ዘይቱ ቶሎ ስለሚገባ ነው። ዘይት ውኃው ሳይደርቅ ከገባ ሽንኩርቱን ይለብሰዋል፤ እንደ ጓል ሆኖ በወጡ ውስጥ እስከ መጨረሻው ይታያል። እንግዲህ ዘይቱን (ለ6 ኪሎ ሽንኩርት ሦስት ሩብ ሊትር) የሚያስገቡት ከደረቀ በኋላ ነው። 20 ደቂቃ ካበሰሉት በኋላ እሳቱን ቀንሰው፣ አንድ ጭልፋ ለብ ያለ ውኃ ጨምረው በርበሬውን ይነስንሱ። ውኃው ለምን? በርበሬ በደረቀ ትኩስ ዘይት ላይ ሲወድቅ በደቂቃ ውስጥ ይከስላል፤ የከሰለ በርበሬ ይጠቁራል፣ ይመራል፣ በምንም ቅመም አይመለስም።

ከዚህ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ያቁላሉት። መያዝ ሲጀምር ግማሽ ጭልፋ የሞቀ ውኃ ጠብ እያደረጉ፣ ከታች እየፋቁ። ቀዝቃዛ ውኃ ብስለቱን ያቋርጠዋል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከበርበሬው በኋላ በ20ኛው ደቂቃ ይግባ። የበርበሬው ጥሬ ሽታ ጠፍቶ፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር ቀይ ሄዶ፣ ዘይቱ በዳር በዳር ብቅ ሲል ያውጡት። ጨው አሁን አይጨምሩ። ከዚህ ሁሉ አራት ሊትር ገደማ ቁሌት ይገኛል።

አከፋፈሉ፦ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠው ለዶሮው፣ ከቀረው ላይ ከግማሽ ጥቂት የሚያልፈው ለሥጋው፣ የተረፈው ለምስሩ።

ፍሪጅ የለንም። ቁሌቱ ሁለት ቀን ይቆያል?

በደሴና በደጋው የታኅሣሥ ብርድ ይቆያል። በኮምቦልቻ፣ በሚሌ መንገድ ባሉት ቆላ ከተሞችና በቆቦ ግን ከአንድ ሌሊት አያሳልፉት። ሳይሸፍኑ ያቀዝቅዙት፤ ትኩሱን ከከደኑት ላቡ ከክዳኑ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል፣ የሚበላሸውም ከዚያው ከላይ ነው። ላዩ ላይ የሰፈፈውን ዘይት አያንሱት፤ ክዳን ሆኖ ያገለግላል። በሌላው ቀን አንድ ጊዜ በደንብ ያፍሉት።

ዶሮዋን ከመግዛቴ በፊት ምን ልይ?

የደረቷን አጥንት በጣት ይዳስሱ፤ ስለት ከሆነ ሥጋ የላትም። ዓይኗ የጠራ፣ ኩክኒዋ ቀይ፣ ኩሷ በጅራቷ ላይ ያልተለጠፈ ትሁን። ዋጋ ከከበደ መጣል ያቆሙ የእርባታ ዶሮዎች ረከስ ብለው ይገኛሉ፤ ሥጋቸው ጠንካራ ነው፣ ግን ለወጥ ከጫጩት ዶሮ ይሻላል፤ ጊዜ ብቻ ይጨምሩላቸው። ለሥጋ ተብሎ በወራት የደረሰ የፈረንጅ ዶሮ በ25 ደቂቃ ይበስላል፣ ካለፈም ከአጥንቱ ይላቀቃል፤ የሐበሻ ዶሮ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። ሁለቱን ባንድ ድስት ከቀላቀሉ አንዱ ጥሬ ሲሆን ሌላው ይፈርሳል።

ዶሮ ወጡ ላይ የሚሳሳተው ምኑ ጋ ነው?

አስተጣጠቡ ላይ ይጀምራል። ቆዳው ተገፎ ብልቱ ከወጣ በኋላ ውኃው ጥርት እስኪል ድረስ ይታጠብ፤ ከዚያ በጨውና በአራት ሎሚ ጭማቂ ተዘፍዝፎ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ እንደገና ይለቅለቅ። በመገጣጠሚያው ውስጥ የቀረ ደምና ስብ ነው በማግስቱ ወጡን የሚያሸተው። ሎሚው ላይ ሌሊቱን ካደረ ደግሞ ሥጋው ይነጣል፣ ይደርቃል።

የሞቀው ቁሌት ላይ መጀመሪያ ቅቤውን፣ ቀጥሎ ጠንካራውን ብልት፣ እግሩንና ጭኑን ያስገቡ። ደረቱና ክንፉ ከ30 ደቂቃ በኋላ ይከተል። ሥጋው ራሱ ውኃ ስለሚያወጣ ውኃ ለመጨመር አይቸኩሉ፤ ብዙ ወጥ የሚቀጥነው እዚህ ላይ ነው። የቀጠነ እንደሆነ አብሽሩ፤ ብልቶቹን ለብቻ አውጥተው ቁሌቱን ክፍቱን ያንተክትኩት፣ ሲወፍር ይመልሷቸው። ዱቄት ወይም ሽሮ ጨምሮ ማወፈር ግን የወጡን ጣዕም ይገድለዋል።

የተቀቀለውን እንቁላል ጎን ጎኑን በቢላ ጫር ጫር አድርገው ከመውጣቱ ከ10 ደቂቃ በፊት ያስገቡት፤ ቁሌቱ በስንጥቁ ይገባል። ሳምንት ያለፈው እንቁላል ከትናንቱ ይልቅ በቀላሉ ይላጣል፤ ስለዚህ እንቁላሉን አስቀድሞ መግዛት ይጠቅማል። ኮረሪማና መከለሻ ከእሳት ሲወርድ ነው። ጨውም አሁን ይቅመሱ፤ ዶሮው ከተዘፈዘፈበት የያዘው ጨው ስላለ በግምት የጨመረ ይጸጸታል።

ደሴ ላይ ምስሩም ሥጋውም የሚዘገየው ለምንድን ነው?

ከፍታው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚያ የሚፈላው በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ነው፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች በ94 ገደማ። እሳት ቢጨምሩም የሚፈላ ውኃ ሙቀት ከዚያ አያልፍም፤ ማገዶው ይባክናል እንጂ። ድስቱን ገጥመው በቀስታ ያብስሉ፤ ምስር ክኩን ለአንድ ሰዓት፣ ሽምብራን ሌሊቱን ይዘፍዝፉ፤ እንቁላል ከፈላ በኋላ 13 ደቂቃ ይቆይ። ከኮምቦልቻ ዘመድ የተቀበሉትን የሰዓት ልክ ደሴ ላይ በሩብ ያህል ይጨምሩበት።

በግ ይሻላል ወይስ ቅርጫ?

ስሌቱን ሠርተው ይወስኑ። 25 ኪሎ የሚመዝን በግ ሲታረድ ከነአጥንቱ 10 ወይም 11 ኪሎ ገደማ ሥጋ ይወጣዋል። የተጠየቁትን ዋጋ ለዚያ ያካፍሉና ከሥጋ ቤቱ የኪሎ ዋጋ ጋር ያስተያዩ፤ ጉበቱ፣ ጨጓራውና ጭንቅላቱ ትርፍ ነው። ሚዛን በሌለበት ገበያ ወገቡን ይጨብጡ፤ የጀርባው አጥንት በእጅ የሚቆጠር ከሆነ ከሥጋው ይልቅ ጠጉሩን እየገዙ ነው። የባቲ ሰኞ ገበያ ወይም የላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ለሚቀርበው፣ ከበዓሉ በፊት ካለፈው ገበያ ገዝቶ ማሰር ከዋዜማው ግፊያ ያድናል።

ለትንሽ ቤተሰብ ቅርጫ ይቀላል። ለ15 ሰው ግብዣ 2 ኪሎ ብቻ የሚፈልግ ቤት ሙሉ በግ አያስፈልገውም። ቅርጫ ላይ ጠብ የሚያስነሣው አከፋፈሉ ነውና ገንዘቡ በሬው ሳይገዛ ይሰብሰብ፤ እያንዳንዱ መደብ ከሁሉም ብልት፣ ከታናሹ እስከ ሽንጡ፣ ከአጥንቱም ከጉበቱም ይድረሰው። መደቡ ከተደረደረ በኋላ አባላቱ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ጠጠር ሰጥተው፣ የማን የትኛው እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። የወጣልህን ይዘህ መሄድ ነው።

በቅርጫው ማግስት ጥሬ ሥጋ የሚያምራቸው ብዙ ናቸው። የበሬ ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያስይዛል፤ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር በምንም ምክንያት አይስጡ።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይመጣሉ። በምን እናስተናግዳቸው?

ወሎ ውስጥ ይህ የድግሱ ዋና ክፍል ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ይታሰብበት እንጂ መጨረሻ ላይ አይደረት። በሥጋው ሁለቱም ወገን የየራሱን ሥርዓት ይጠብቃል። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን።

አቅም ከፈቀደ ጥሩው መንገድ የቁም ዶሮ መስጠት ነው። የቤቱ ትልቅ ሰው ራሱ ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ይዞ ይሂድና «እትዬ፣ ይችን እርስዎ ቤት አሳርደው ይሥሩልን፣ አብረን እንበላለን» ይበል። በእነሱ ቢላ ታርዳ፣ በእነሱ ድስት ተሠርታ፣ በእነሱ ትሪ ትመጣለች። ሽንኩርቱንና በርበሬውን አብሮ መላክ ተገቢ ነው፤ እንግዳ በራሱ ወጪ አይጋበዝም። ጎረቤቶቹ ብዙ ከሆኑ በሰፈሩ ያሉ ክርስቲያን ቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በግ ሊሰጡ ይችላሉ።

አቅም ካልፈቀደ በዘይት የተሠራው የምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ድንች፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አይብና ድፎ ዳቦ ያኮራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄው ዕቃው ነው። ቁሌቱ ገና ለሦስት ሲከፈል የምስሩ ድርሻ ሥጋ ባልተበሰለበት ድስት ይግባ፤ የራሱ ጭልፋ ይኑረው፤ ጭልፋውም ከድስቱ አጠገብ ይቀመጥ። በግርግሩ መሐል አንዲት ልጅ በዶሮው ጭልፋ ምስሩን ብትቀዳ ሁሉም ነገር ይበላሻል፤ ስለዚህ የምስሩን ድስት የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመደብ። ሳህንና ብርጭቆ ከእነሱ ቤት መዋስ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ልባቸውን ያሳርፋል። መሶቡም ለብቻ ይሁን፤ ጠላ የተቀዳበት ብርጭቆ በዚያ በኩል አይዙር።

ረመዳን ከገና ጋር በሚገጥምባቸው ዓመታት ምሳውን ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት ማዛወር ነው፤ ወይም ዳቦውንና ምስሩን ከመግሪብ ቀደም ብሎ ወደ ቤታቸው መላክ።

ጤፉ ተወዷል። እንጀራውን በምን ልደባልቅ?

በቆቦ፣ በቃሉና በከሚሴ በኩል ማሽላ ሞልቷል። ሁለት እጅ ጤፍና አንድ እጅ ነጭ ማሽላ ጥሩ እንጀራ ይወጣዋል። ከዚያ ካለፈ በማግስቱ ይደርቃል፣ ሲጠቀለልም ይሰነጠቃል። ከአንድ ኪሎ ዱቄት በትልቁ ምጣድ ከ7 እስከ 9 እንጀራ ስለሚገኝ ለ35 እንጀራ 5 ኪሎ ዱቄት ይበቃል። ማሽላ ያለበት ሊጥ አብሲቱ በዛ ይበልለት፤ ዓይን የሚያወጣው እሱ ነው። በደሴ ብርድ ሊጡ አራት ቀን ሊፈልግ ይችላል፤ ቡሀቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከምድጃ አጠገብ ያኑሩት።

ድፎ ዳቦዬ አይነፋም፤ መሐሉም ሊጥ ሆኖ ይቀራል።

ለ2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 1.3 ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ። ውኃው እጅዎን የሚያቃጥል ከሆነ እርሾው ይሞታል፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ይተኛል። ኮምቦልቻ ላይ በሁለት ሰዓት የሚነፋ ሊጥ ደሴ ላይ አራትና አምስት ሰዓት ይጠይቃል፤ ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን ይዩ፣ እጥፍ ሲሆን ይጋገር።

መሐሉ የሚቀረው እሳቱ ከታች በዝቶ ከላይ ሲያንስ ነው። ኮባውን ደርበው ያንጥፉ፣ ከላይም ይሸፍኑ፣ ፍሙን ከታች ቀነስ ከላይ ጨመር ያድርጉ። በለዘብታ እሳት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ ይወስዳል። ደረቅ ስንጥር መሐሉ ላይ ሰክተው ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በስሏል። ሳይበርድ አይቁረጡት፤ በትኩሱ የተቆረጠ ዳቦ የበሰለውም ቢሆን ሊጥ ይመስላል።

ያለ ጠላ ምን መጠጥ ላቅርብ?

ብርዝና ቀሪቦ። ለብርዝ አንድ እጅ ማር በአምስት እጅ ውኃ በጥብጠው አጥልለው በዚያው ዕለት ያቅርቡ። ቀሪቦ ደግሞ በወሎ የታወቀ ነው፤ አንድ ኪሎ ገብስ ጠቆር እስኪል ተቆልቶ ይከካል፣ በ10 ሊትር ውኃ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ሲበርድ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ገብቶበት ያድራል። ስኳሩ እንደየቤቱ ምርጫ ነው፤ ከ700 ግራም ቢጀምሩ ይበቃል። ከአንድ ሌሊት በላይ ካቆዩት ይፈላና ያሰክራል፤ ለሙስሊም እንግዳም ለልጆችም እንዳይሆን።

ላሊበላ ዙሪያ ነን። ተሳላሚው በድንገት ይበዛብናል።

ተሳላሚው ቅዳሴ እስኪወጣ ጾመኛ ነው፤ ሥጋ አይጠብቅም። ያዘጋጁለት የሚከብደው ምግብ ሳይሆን ቶሎ የሚደርሰው ይሁን። አንድ ኪሎ ሽሮ ለ25 ሰው ወጥ ይሆናል። ከአንድ ቀን በፊት የተዘፈዘፈ ባቄላና ስንዴ ንፍሮ፣ በሶና ቆሎ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። መንገደኛ ከሁሉ ይልቅ የሚፈልገው ውኃና እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ ስለሆነ አንድ በርሜል ንጹሕ ውኃ ቀድሞ ይሞላ።

ከቅዳሴ መልስ ምን እንብላ? ሁልጊዜ ሆዳችንን ያመናል።

ከ40 ቀን በላይ ቅቤ ያላየ ሆድ በሌሊት አንድ ሳህን ዶሮ ወጥ ሲወርድበት ይታወካል። ተቆልቶ ተወቅጦ የተጠለለ ተልባ በጥቂቱ ይጠጡ፤ አንድ ሁለት ጉርሻ ዶሮ ከአይብ ጋር ቀምሰው ይተኙ። ዋናው ገበታ ረፋዱ ላይ ይሁን። አረጋውያንና የጨጓራ ሕመም ያለባቸው የበርበሬውን ወጥ በአይብና በዳቦ አቅልለው ይብሉ።

የተረፈውን እንዴት ላቆየው?

እንግዳ ከመጣ በኋላ ድስቱን ሁሉ ወደ ሳሎን አያውጡ። የሚበቃውን ቀድተው የቀረውን ማድ ቤት ይተውት፤ እጅና ጉርሻ የነካው ወጥ በማግስቱ ይሸታል። ሌሊቱን ከመተኛትዎ በፊት የተረፈው ዶሮ ወጥ በደንብ ይፍላ፣ ይብረድ፣ ይከደን። በደጋው በየቀኑ እያፈሉ እስከ ሦስት ቀን ይበላል፤ በቆላው በሁለተኛው ቀን ይለቅ። እንቁላሉ መጀመሪያ ይበላ፣ ቶሎ የሚበላሸው እሱ ነው።

ያልተሠራ ሥጋ ከቀረ ወዲያው ቋንጣ ያድርጉት። በጣት ውፍረት በረጅሙ ይዘልዘል፤ ለአንድ ኪሎ ሥጋ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት ማንኪያ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ ታሽቶ አየር በሚዞርበት ጥላ ላይ ይሰቀል። ሲሰቀል አንዱ ከሌላው አይንካ፤ የተነካካው ቦታ ይረጥባል፣ ይሻግታል። ፀሐይ ላይ ከተሰቀለ ደግሞ ላዩ ቶሎ ይጠነክርና ውስጡ ርጥብ ሆኖ ይቀራል። በደሴ አየር በአምስትና በስድስት ቀን ይደርቃል፤ ጎንበስ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ወደ ማስቀመጫው ይግባ። የቋንጣ ፍርፍር ለጥምቀት ቁርስ ይደርሳል።

የደረቀውን እንጀራም ድርቆሽ አድርገው በከረጢት ያኑሩት፤ የተረፈው ቁሌት ካለ በአንድ ጭልፋ ውኃ ይቅጠንና ድርቆሹ ይፈትፈትበታል።